የዶበርማን ጠባይና የጌታው ጠባይ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም፣ አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ በሬን አንኳኳ። ይህ ጓደኛዬ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ደመወዙም እንደ እኔው ወሩ ሳያልቅ የሚያልቅ ነው። ገና ወንበር ሳይስብ ስልኩን አውጥቶ የአንድ ቡችላ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ጥቁር ነው፤ ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቡናማ ነጥቦች አሉት፤ ጆሮዎቹ እንደ ቅጠል ወድቀዋል፤ እግሮቹ ግን ከሌላ ከትልቅ ውሻ የተዋሳቸው ይመስላሉ።

«ዶበርማን ነው» አለኝ። «የአለቃዬ ውሻ ወልዳ አንዱን በነጻ ሊሰጠኝ ነው። አንተ መጽሐፍ የምታገላብጥ ሰው ነህና እስቲ ንገረኝ፤ ይነክሳል ወይስ አይነክስም?»

እኔም መልሱን ትቼ «የት ልታኖረው አስበሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱ ጥያቄዬ ሞኝነት መስሎት ሣቀ። «ግቢው ውስጥ ነዋ! ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። አከራዬም ሌባ ስለምትፈራ ደስ ይላታል።»

አንባቢዎቼ፣ የዚህ ሳምንት ጽሑፌ የተነሣው ከዚህች አጭር መልስ ነው። ጓደኛዬ የተናገረው ሁላችንም እየሰማነው ያደግነውን ነው። በከተማችን ውሻ ማለት የበር ዕቃ ነው። ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፣ በቆርቆሮው በር ላይም «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ በቀለም ይጻፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ውሻው ከሞተ በኋላ ጽሑፉ ብቻውን ለብዙ ዓመት ቤቱን ይጠብቃል። ይህ አኗኗር ለሌላው ውሻ ይስማማዋል ማለቴ አይደለም። ስለ ዶበርማን ግን የተለየ የምናገረው ነገር አለኝ፤ ለዚህም ውሻው ከየት እንደ መጣ አስቀድሜ ላውጋችሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በጀርመን አገር፣ በቱሪንጊያ ክፍል፣ አፖልዳ የምትባል ከተማ አለች። አፖልዳ በደወል ሠሪዎቿ የታወቀች ናት፤ በኮሎኝ ካቴድራል የተሰቀለው 24 ቶን ያህል የሚመዝነው ትልቁ ደወል በ1923 የተሠራው እዚያ ነው። በዚያች ከተማ ካርል ፍሪድሪኽ ሉዊስ ዶበርማን የሚባል፣ በ1834 ተወልዶ በ1894 የሞተ ሰው ይኖር ነበር። የዚህ ሰው ሥራ ብዙ ነው፤ ግብር ይሰበስባል፣ ሌሊት ከተማ ይጠብቃል፣ ባለቤት የሌላቸውን ውሾችም እያደነ ይይዛል።

ከእናንተ መካከል በግብር መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ካላችሁ የሰውዬውን ችግር ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ቡና የሚያፈላለት ቤት የለም። ይልቁንም በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ሠራተኛ ከበር ወደ በር በእግሩ ይዞር ነበርና፣ ከፊቱ የሚጠብቀው የተቆጣ ሰው፣ ከኋላውም ገንዘቡን የሚመኝ ወንበዴ ነው። ስለዚህ ዶበርማን መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ነቅቶ የሚጠብቅ፣ ሲያዙት የሚታዘዝ፣ ከጎኑም የማይለይ ውሻ ፈለገ። ውሾች በእጁ ያልፉ ስለ ነበር የወደዳቸውን መርጦ ማዳቀል ጀመረ። ከየትኞቹ እንዳዳቀለ ግን መዝገብ አልያዘም። ሊቃውንቱ የጀርመን ፒንሸር፣ ከከብት ነጋዴዎች ጋር ይኖር የነበረው ሮትቫይለር፣ የቱሪንጊያም የእረኛ ውሻ ደማቸውን ሰጥተውታል ብለው ይገምታሉ። እርሱ ከሞተ በኋላ ኦቶ ጎለር የሚባል የአፖልዳ ሰው ሥራውን ቀጠለ፤ በ1899ም የመጀመሪያው የዶበርማን ማኅበር በዚያችው ከተማ ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ዶበርማኖች እጅግ ቁጡዎች እንደ ነበሩ ይተረካል። ጎለርና ከእርሱ በኋላ የተነሡ አርቢዎች ግን ከቤተ ሰብ ጋር የሚኖር ውሻ እንዲሆን፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ለዘብ ያለውን እየመረጡ አራቡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዶበርማን ይህን ውሻ ያራባው በር ላይ አስሮት ሊሄድ አይደለም፤ ይዞት ሊሄድ ነው። የውሻው ጠባይ ሁሉ፣ መልካሙም ክፉ የሚባለውም፣ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዶበርማንን በቤታቸው ያሳደጉ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ፤ ውሻው ጥላ ነው። ከክፍል ወደ ክፍል ይከተላል። ጌታው ሲቀመጥ እግሩ ላይ ይተኛል፣ ሲቆም ጎኑን አስደግፎ ክብደቱን ይጥልበታል፣ በር ቢዘጋበት በሩ ሥር ተጋድሞ ይጠብቃል። እንግዳ ሲመጣ ወዲያው አይወዳጅም፤ ጌታው እንግዳውን እንዴት እንደ ተቀበለ አይቶ ነው የሚወስነው። ጌታው ሲጮኽ ይደነግጣል፣ ሲያዝንም ያውቃል። እንደ ድንጋይ የጸና ልብ ያለው የሚመስለን ይህ ውሻ በእርግጥ ከብዙ ውሾች ይልቅ ስሜቱ ቶሎ የሚነካ ነው። አእምሮውም ፈጣን ነው። ስታንሊ ኮረን የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የታዛዥነት ውድድር ዳኞችን ጠይቀው የውሻ ዘሮችን ትእዛዝ በመቀበል ችሎታቸው በተራ ሲያስቀምጡ፣ ዶበርማን አምስተኛ ወጥቷል።

ይህ ሲነገር ሰው «እንግዲያውስ ቀላል ነው» ይላል። እኔ መምህር ነኝና በዚህ አልስማማም። በክፍሌ ውስጥ ከሁሉ የሚያደክመኝ ሰነፉ ተማሪ አይደለም። ሒሳቡን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ የቀረውን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ምን እንደሚያደርግበት ያጣ፣ ኋለኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ጎበዝ ተማሪ ነው። ሥራ ስጡት፣ የክፍሉ ጌጥ ይሆናል። ዝም በሉት፣ ጠረጴዛውን ይፈታታዋል። ዶበርማንም ሥራ ካልሰጡት ሥራ ለራሱ ይፈጥራል፤ የሚፈጥረውም ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ያለፈውን ያገደመውን ሁሉ መጠበቅና ማባረር ነው።

ስለ ክፉ ስሙ ደግሞ ጥቂት ልበል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ማሪን ጦር ብዙ ዶበርማኖችን አሠልጥኖ ወደ ፓሲፊክ ደሴቶች ላከ። በ1944 በሐምሌ ወር የጉአምን ደሴት ከጃፓኖች ለማስለቀቅ በተደረገው ውጊያ ውሾቹ በጫካ ውስጥ የተደበቀ ጠላት እያሸተቱ ወታደሮቹን ያስጠነቅቁ ነበር። በዚያ ውጊያ 25 ውሾች ሞተዋል። በ1994፣ በሃምሳኛው ዓመት፣ ስማቸው የተጻፈበት መታሰቢያ በደሴቲቱ ቆሞላቸዋል፤ በላዩ ላይ ጆሮዎቹን አቁሞ የተጋደመው የነሐስ ውሻ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሞተው ከርት የተባለ ዶበርማን ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። የማሪን ጦር ውሾቹን እንደ ገና ሰላማዊ ኑሮ አስተምሮ ከ500 የሚበልጡትን ወደ ሲቪል ቤት መለሰ። ጠባያቸው አልታረም ተብሎ የተገደሉት አራት ብቻ ናቸው። መድፍ ሲጮኽ የከረመ ውሻ ከልጆች ጋር መኖርን እንደ ገና ከተማረ፣ በእኛ ግቢ የተወለደ ቡችላ የሚያብድበት ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ስሙን ያጠፋው ይበልጡን ሲኒማው ነው። በ1972 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ዶበርማኖች ተሠልጥነው ባንክ ሲዘርፉ ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲህ በፊልም ውስጥ የክፉ ሀብታም ግቢ ከታየ፣ ከአጥሩ ኋላ ጥርሱን የሚያሳይ ዶበርማን አይታጣም። «አንጎሉ ከራስ ቅሉ በላይ እያደገ ያሳብደዋል፤ በመጨረሻም ጌታውን ይበላል» የሚለውን ወሬ ደግሞ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይቀር ሰምቼዋለሁ፤ የተናገረው ሰው ባዮሎጂ አስተማሪ ስለ ሆነ ስሙን ብተወው ይሻላል። ውሸት ነው። የዶበርማን አንጎል እንደ ማንኛውም ውሻ አንጎል በልኩ አድጎ ይቆማል። በ2008 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናትም በሰው ላይ በመቆጣት ከፍተኛውን ቁጥር ያገኙት እንደ ዳክስሁንድና ቺዋዋ ያሉት ትንንሾቹ ውሾች መሆናቸውን አሳይቷል።

ነገር ግን በዚህ ተደፋፍራችሁ እንዳትሳሳቱ። ቺዋዋ ሲነክስ ሱሪ ይቀደዳል። ወንዱ ዶበርማን ግን ሙሉ ሲሆን ከ68 እስከ 72 ሳንቲሜትር ይቆማል፣ 40 ኪሎ ግራምም ያልፋል። እርሱ አንዲት ጊዜ ሲሳሳት ስሕተቱ በልጅ ክንድ ላይ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም።

የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በአዲስ አበባ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ግቢው ውስጥ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አንድ ዶበርማን ታስሮ ይኖራል። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ውሻው ቀኑን ሙሉ ከመዞሩ የተነሣ በዛፉ ዙሪያ ሣር የማይበቅልበት፣ በኮምፓስ የተሣለ የሚመስል ክብ ነበረ። ያ ክብ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። በክረምት ዝናቡ ሲወርድ ውሻው በአንዲት ቆርቆሮ ሥር ተኮራምቶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጠጕሩ አጭር፣ ከቆዳው በታች ያለውም ስብ ጥቂት ነው። የአዲስ አበባን የነሐሴ ሌሊት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ዘበኛው ይፈታዋል፣ ንጋት ላይ መልሶ ያስረዋል። ከዚህ በቀር እጅ የሚያሳርፍበት ሰው አልነበረም።

እኛስ ምን እናደርግ ነበር? ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ማጥናት ሲሰለቸን በማንኪያ የድስት ክዳን እየመታን እናስጮኸው ነበር። ሰንሰለቱ እስኪገታው ድረስ ሲወረወርና ወደ ኋላ ሲወድቅ እንሥቅ ነበር። እንግዳ ሲመጣብንም «ተመልከት፣ አውሬ ነው!» እያልን በኩራት እናሳይ ነበር። ከአራታችን አንዳችን እንኳ ስሙን ጠርተን አናውቅም፤ ስም እንዳለውም አልጠየቅንም።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ልታጥብ የመጣች ሴት የሰባት ዓመት ልጇን አስከትላ ነበር። ልጅቱ ኳሷን እያንከባለለች ስትጫወት ኳሱ ወደዚያ ክብ ገባ። እርሷም ተከትላ ገባች። የሆነው ነገር እኔ ከመስኮቱ ተነሥቼ በሩን እስክከፍት ድረስ አለቀ። ክንዷን ነበር የነከሳት። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ ስሕተት ነው። አንዱ የቡና ዱቄት ቁስሉ ላይ ነሰነሰ፣ ሌላው በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አሰረ፤ እኔም አቅፌ ታክሲ ፍለጋ ሮጥሁ። በጤና ጣቢያ የተቀበለችን ነርስ ጨርቁን ፈትታ ዱቄቱን ስታይ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችን። «ሳሙናና ውሃ በቤታችሁ አልነበረም?» አለች። የነከሰ ውሻ ምንም ይሁን ምን፣ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይታጠባል፤ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ነው። ኮሌጅ የገባን አራት ወጣቶች ይህን አናውቅም ነበር።

ቀጥላ ውሻው መከተቡን ጠየቀች። አከራያችን ወረቀት አልነበራቸውም። እንደ ታሰረ ጠብቁት፣ ዐሥር ቀን በጤና ከቆየ ልጅቱን በነከሰበት ሰዓት የእብድ ውሻ በሽታ በምራቁ አልነበረም ማለት ነው ብላ ሰደደችን። ስንመለስ ግን ውሻው ከክቡ ውስጥ ተዘርግቶ አገኘነው። በሥጋ መርዝ ሰጥተውታል። ስለዚህ መጠበቅ የሚባል ነገር ቀረ፤ ልጅቱም መርፌውን እስከ መጨረሻው መወጋት ግድ ሆነባት። ይህ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውምና፣ ማንም ሐኪም በጥርጣሬ አይቀልድም። እናቲቱ የሥራ ቀኗን እየሰረዘች በተቀጠረችላት ቀን ሁሉ ታመላልሳት ነበር። አንድ ቀን እኔ አብሬ ሄድሁ። ልጅቱ በመንገድ ላይ «ጋሼ፣ ለምን ነከሰኝ? እኔ አልመታሁትም» ብላ ጠየቀችኝ። ማንኪያውና የድስቱ ክዳን ትዝ አለኝ።

አከራያችን «ልጅቱ ናት ገብታ የተነከሰችው» እያሉ ብዙ ተከራከሩ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071፣ እንስሳው ድንገት ከእጁ አምልጦ ያደረሰው ጉዳት ቢሆንም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታወቅ የማይቻል ቢሆን፣ ባለቤቱ ኀላፊ ነው ይላል። ከእናንተ መካከል ሕግ የምታጠኑ ይህችን ቁጥር ለአከራዮቻችሁ ብታነቡላቸው መልካም ሥራ ትሠራላችሁ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ይህን ታሪክ በዚያ ማታ ነገርሁትና ዝም አለ። ቀጥሎ «እሺ፣ ላስረው አልችልም እንበል። ታዲያ ምን ይፈልጋል?» አለኝ። እኔም ወረቀት አወጣሁ።

ቡችላው ከእናቱ ሥር ስምንት ሳምንት ሳይሞላው መለየት የለበትም፤ መናከስን መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታት እንደ ወርቅ ናቸው። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በደኅና ያየውን ነገር ሁሉ የዓለም ሥርዐት አድርጎ ይቀበለዋል፤ በዚያ ጊዜ ያላየውን ነገር ካደገ በኋላ ሊፈራው ይችላል፤ የፈራ ትልቅ ውሻም ይነክሳል። ስለዚህ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ ነጠላ የተከናነበች ሴት፣ ዩኒፎርም ለብሰው እየጮኹ የሚሮጡ ልጆች፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ በግ ነጂ፣ ሁሉንም በእቅፍ ሆኖ ሊያያቸው ይገባል። ክትባቱ ገና ስላልተሟላ የመንገድ ውሾች ከሚውሉበት መሬት ማራቅ ነው እንጂ፣ «ትንሽ ነው» ብሎ ቤት ውስጥ መዝጋት አይበጅም። በእኛ አገር የሚሠራው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጨካኝ እንዲሆን ተብሎ ቡችላው ሰው እንዳያይ በጨለማ ክፍል ይዘጋል፤ በርበሬ የሚያበሉም አሉ። እንዲህ ያደገ ውሻ ጨካኝ አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል፣ ሌባውንና የጎረቤቱን ልጅም አይለይም።

ትምህርቱ በዱላ አይሆንም። ዶበርማን የመታውን እጅ አይረሳም። በትንሽ ቁራጭ ሥጋ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ቢያስተምሩት መቀመጥን፣ መቆየትን፣ ሲጠሩት መምጣትን በጥቂት ሳምንት ይማራል። ይህ ግን በየቀኑ ነው፤ እሑድ ብቻ አይደለም። ካደገ በኋላም በየቀኑ ጧትና ማታ፣ በአንገቱ ማሰሪያና በገመድ ተይዞ፣ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መሄድና መሮጥ ያስፈልገዋል። ሌሊቱን የሚያድረው ከቤት ውስጥ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይወጋል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል፤ ወረቀቱም ከልደት ምስክር ወረቀትህ ጋር ይቀመጣል።

ጓደኛዬ «ጆሮውስ? እንደ ፊልሙ የቆመ አይደለም» ብሎ አቋረጠኝ። ጆሮው በተፈጥሮው የወደቀ ነው፤ የሚቆመው በምላጭ ተቆርጦ ስለሚታሰር ነው። የውሻው አገር ጀርመን ራሷ ጆሮ መቁረጥን በ1987፣ ጅራት መቁረጥንም በ1998 ከልክላለች። እኛ ከጀርመኖቹ የበለጠ ዶበርማን አዋቂ ለመሆን ምን አስቸኮለን?

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። 40 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በተረፈ እንጀራ አይኖርም፤ ሥጋና እህል ይፈልጋል፤ የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። የሐኪምም ወጪ አለ። ይህ ዘር የልብ ጡንቻን አላልቶ የሚያዳክም ክፉ በሽታ ይወርሳል፤ በ2010 በወጣ ከ400 በሚበልጡ ዶበርማኖች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ ከግማሽ የሚበልጡትን ይህ በሽታ እንደሚያገኛቸው ታውቋል። ደኅና ከኖረ ዕድሜው ዐሥር፣ ቢበዛ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። «ዛሬ ሃያ አምስት ዓመትህ ነው» አልሁት። «ይህ ውሻ ሲሞት ሠላሳ ስድስት ይሆንሃል። እስከዚያ ድረስ ስንት ቤት ትቀይራለህ? ወደ ክፍለ ሀገር ብትዛወር ለማን ትተወዋለህ?»

ጓደኛዬ የሚኖርበት ክፍል ሦስት ሜትር በአራት ነው። ከጧቱ አንድ ሰዓት ወጥቶ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይመለሳል። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ልቡ ያዘነበትን አይቼ እኔም አዘንሁ፤ ቡችላውን የወደደው ሌባ ፈርቶ እንዳልሆነ በዚያ ሰዓት ገባኝ። ብቻውን ነው የሚኖረው። ማታ ሲገባ በሩን የሚከፍትለት ነፍስ ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ዶበርማን ለዚህ ከሰው ሁሉ የተሻለ ነው፤ ግን ዐሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻውን የሚጠብቀው እርሱ ይሆናል።

ለሌባ ከሆነ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻልና፣ የሰፈሩን ሰው ኮቴ ለይቶ የሚጮኸው ተራው የአገራችን ውሻ ይበቃል፤ ከአጥር ውጭ ላለ ሌባ የዘር ሐረግ አይታየውም። እርሱም ቢሆን ክትባትና ደረቅ መኝታ ይገባዋል። ዶበርማን ማሳደግ የሚገባው ግን ቀን ሰው የማይታጣበት ቤት፣ የሚሮጥበት ሜዳ፣ የሚያስተምረው ትዕግሥተኛ ጌታ ያለው ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በከተማችን አሉ። አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ በየማለዳው ዶበርማናቸውን በገመድ ይዘው ሲያልፉ አያለሁ። ውሻው ከግራ ጉልበታቸው አንድ ስንዝር አይርቅም። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች «ደኅና አደርህ» ይሉታል፣ እርሱም ጌታውን ቀና ብሎ አይቶ ጅራቱን ይወዘውዛል። የአፖልዳው ግብር ሰብሳቢ ያለመው እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

ጓደኛዬ በማግሥቱ ለአለቃው «አመሰግናለሁ፣ አልችልም» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአለቃ «አልችልም» ማለቱ ስለ ሆነ እጁ ላብ አስምጦት እንደ ነበረ በስልክ ነገረኝ።

ነገሩ በዚህ ባለቀ መልካም ነበር። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአንድ የቆርቆሮ በር ሥር የሚወጣ የሰንሰለት ድምፅ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቡናማ ነጥቦች ያሉት ጥቁር ቡችላ፣ ከሸምበቆው አጥር ምሰሶ ጋር ታስሯል። ያ ይሁን ሌላ ለማወቅ አልቻልሁም፤ ዶበርማን ቡችላ ሁሉ ይመሳሰላል። ሲያየኝ ጅራቱ ብቻ ሳይሆን ወገቡ ሁሉ ተወዛወዘ፤ ወደ እኔ ሮጦ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ጣለው።

ዘበኛው ከውስጥ «አይጠጉ ጌታዬ፤ ኃይለኛ እንዲሆን ነው የምናሳድገው» አሉ።

«አባባ፣ የቤቱ ባለቤት አሉ?» አልኋቸው።

«አሉ፤ ማን ልበል?»

«የሰፈሩ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ውሻው ጥቂት ላነጋግራቸው እፈልጋለሁ ይበሉልኝ።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ደብተሮቼንም አዩ። ከዚያም በሩን ከፍ አድርገው ከፈቱልኝ።